ጀበናውን ወደን ሠሪዋን ንቀን ምን ዓይነት ህዳሴ?

(በአርባ ምንጭ ከተማ ለንባብ ወዳጆች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



«ስለ ህዳሴ ተናገር» ስባል መጀመሪያ የተሰማኝ፣ ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ድካም ነው። ይህን ቃል እስኪሰለቸን ሰምተነዋል። በስብሰባ ህዳሴ፣ በቴሌቪዥን ህዳሴ፣ በመፈክር ህዳሴ! ግድቡስ ይሁን፤ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ በዓይን ይታያል። የሰው ህዳሴስ የት ደረሰ?

ህዳሴ ሲባል ዓለም ምሳሌ የሚያደርገው ኢጣሊያን ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን የዚያ አገር ምሁራን በየገዳሙ አቧራ የለበሱ የሮማና የግሪክ ጽሑፎችን ማደን ያዙ። ፔትራርክ እ.ኤ.አ. በ1345 በቬሮና የሲሴሮን ደብዳቤዎች አገኘ። ከአሮጌው ብራና ውስጥ ያወጡት ዋናው ነገር ግን ሰውን ነው፤ የሚያስብ፣ የሚመርጥ፣ በእጁ የሚፈጥር ሰው።

እኛም ከዚያ ታሪክ ውጭ አልነበርንም። እ.ኤ.አ. በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎሬንስ ጉባኤ ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1513 ደግሞ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮማ ከነበሩ ወገኖቻችን ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ያኮራል። በኩራት ብቻ ግን አንደር።

እስቲ ፍሎሬንስን ፍሎሬንስ ያደረጋት ማን ነው? የካቴድራሉን ትልቅ ጉልላት የነደፈው ብሩኔሌስኪ የሠለጠነው በወርቅ አንጥረኛነት ነበር። ጊቤርቲም እንደዚሁ። ሉካ ዴላ ሮቢያ በይበልጥ የሚታወቀው በሸክላ ሥራው ነው። በእኛ አነጋገር ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ መሆናቸው ነው! እዚያም የእጅ ሥራን ዝቅ አድርጎ የሚያይ አልጠፋም፤ ነገር ግን የሠሪዎቹ ስም እየተጠራ፣ ክብራቸው እየጨመረ ሄደ።

አሁን ወደ ጋሞ ደጋ እንውጣ። እኛም የምናድሰው ጥንታዊ ሀብት አለን። ዱቡሻ! አባቶች ሜዳ ላይ ተቀምጠው፣ መርቀው ጀምረው፣ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን እስኪስማሙ ድረስ የሚመክሩበት ሸንጎ። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ ኦቾሎ ድረስ መጥቶ ስለዚህ ሸንጎ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። የእኛ ባለሥልጣኖች ግን ዱቡሻ ትዝ የሚላቸው እንግዳ ሲመጣና ካሜራ ሲደቀን ነው።

ባህሉ ሕያው መሆኑን በመስከረም 2011 አይተናል። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ያ ግፍ ከተፈጸመ በኋላ፣ እዚሁ አርባ ምንጭ ለበቀል የወጡ ወጣቶችን አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሷቸው። ዱላ አላነሱም፤ ጠመንጃ አልያዙም። ሰውን ማክበር ማለት ይህ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ግን እውነቱን እንነጋገር። በልማዱ ዱቡሻው የሁሉም አልነበረም። ባለ ሙሉ መብቱ «ማላ» የሚባለው ነው። ሸክላ የሚሠሩት፣ ቆዳ የሚፍቁት፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ወገኖች «ጪናሻ» እና «ደጋላ» እየተባሉ ከሸንጎውና ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ጊዜ ለዘገባ ደጋ ወጥቼ ያሳደረኝ ሰው ቡና አስፈላልኝ። ጀበናው ያምራል። «ማን ሠራው?» አልኩ። ከገደሉ ጠርዝ ወዳለች ጎጆ በጣቱ አመለከተኝ። ሠሪዋን ላነጋግር ስነሳ እጄን ያዘኝ፤ እዚያ ቤት እህል ውሃ እንዳልቀምስ አስጠነቀቀኝ። በእሷ ጀበና የተፈላ ቡና እየጠጣ! እኔስ ምን አደረግሁ? ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለተኛውንም ጠጣሁ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ይህ የጋሞ ብቻ ነውር አይደለም። በሰሜኑስ «ቡዳ» እየተባለ የተገፋው ማን ነው? ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው አይደለም እንዴ? በየበዓሉ የዶርዜ ሸማኔ የሠራውን ለብሰን እንደምቃለን፤ «ሸማኔ» ስንል ግን ድምፃችን ይለወጣል! አፄ ምኒልክ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ መጣ። አዋጅ ግን ከጎረቤት ጋር አንድ ማዕድ ላይ አያስቀምጥም። ያ የእኛ የራሳችን ሥራ ነው።

ስለዚህ ጥንቱን እናድስ ስንል የምንጥለውንም እንወቅ። የዱቡሻውን ምክክርና ዕርቅ እንያዝ፤ አጥሩን እናፍርስ። ሣር ይዘው ለማያውቁት ሰው ነፍስ የተንበረከኩ አባቶች፣ አጠገባቸው ላለችው ሸክላ ሠሪ ቦታ መልቀቅ አያቅታቸውም። ጋንም በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤ እኛ ግን ጋኑን የሠራችውን ረስተናል።

ያቺ ሴት ዱቡሻው ላይ ተቀምጣ ስትናገር፣ እኛም ዝም ብለን ስናዳምጣት፣ ያኔ ስለ ህዳሴ ጥሩኝ። ሳይደክመኝ እመጣለሁ።