የመጽሔት ቀሚስ ከመቆረጡ በፊት ይነበባል

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቀሚስ ነው። «ፊደል ቆጥረን ቆጥረን ቀሚስ ላይ ደረስን?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ደረስን። ጨርቅ በገንዘብ ይገዛል። አንዴ በመቀስ ከተሳሳቱ ደግሞ መመለሻ የለውም።

እዚህ ሐይቅ የአገር ልብስ ለማሰፋት ወረቀት አያስፈልግም። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ትከሻችሁንና ቁመታችሁን ይለካል። ጠመኔውን ያነሣል፤ ይቆርጣል። ቀሚሱ ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ቢላላም መቀነቱ ይሰበስበዋል። የመጽሔት ቀሚስ ግን እንዲህ አይደለም። ደረቱ ልክ ነው፤ ወገቡ ይይዛል፤ እጅጌው ለብቻው ተቆርጦ ብብት ላይ ይገጠማል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይቆረጥም።

የልብስ መቁረጫ ወረቀት በተለያየ ልክ አዘጋጅቶ መሸጥ የጀመረው ኢቤኔዘር ቡተሪክ የተባለ አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ ነው። ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1863 ነበር። ጀርመናዊቷ አኔ ቡርዳ ደግሞ በ1950 የፋሽን መጽሔት ማሳተም ጀመረች። ቡርዳ የሚባለውን መጽሔት የጀመረችው እሷ ናት።

አንዲት ጎረቤት አሉኝ። በዕድሜ ይበልጡኛል። ፊደል የለዩት በማታ ትምህርት ነው። ለልጃቸው የበዓል ቀሚስ ሊሰፉ ፈልገው፣ ከአዲስ አበባ የተላከላቸውን አሮጌ መጽሔት ይዘው መጡ። በመሐሉ ያለውን ትልቅ ወረቀት ዘረጉት። የብዙ ልብስ መስመር አንዱ በአንዱ ላይ ታትሞበታል።

«መምህርት፣ ይኼ የጉንዳን መንገድ ነው እንጂ ቀሚስ ነው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ቁጥር ያነባሉ አይደል?»

«ቁጥርማ አነባለሁ። እንግሊዝኛውን ነው የማላውቀው።»

ቁጥሩ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ቀሚሱ በየትኞቹ ቁጥሮች እንደሚቆረጥ መጽሔቱ ይናገራል። እነዚያን ቁጥሮች በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ትፈልጋላችሁ። ከጠርዙ ቀጥ ብላችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ ያው ቁጥር እንደገና ይገኛል። እዚያ ያለውን መስመር በስስ ወረቀት ትገለብጣላችሁ። የልኩን ቁጥር የምትመርጡት ደግሞ በደረት ነው፤ ለጉርድና ለሱሪ ግን በዳሌ። ሜትሩን አታጥብቁት፤ ለይሉኝታ ብላችሁም ቁጥር አትቀንሱ።

ቀስት ካያችሁ ቀስቱ ከጨርቁ ጠርዝ ጋር እኩል ይሂድ። አለዚያ ቀሚሱ ሲታጠብ ይጣመማል። የታጠፈ ጨርቅ ላይ ይደረግ የተባለውን መስመር ግን እንዳትቆርጡት፤ የቀሚሱ ፊት ለሁለት ይከፈልባችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ ራሴ ማሠልጠኛ ተቋም ሳለሁ 3 ሜትር ጨርቅ ያበላሸሁበት ነገር ነው። እንዲህ ባለው ወረቀት ላይ የሚታየው መስመር የሚሰፋበት እንጂ የሚቆረጥበት አይደለም። ለስፌት የሚሆነውን ትርፍ እናንተ ትጨምራላችሁ። መመሪያው ይህን ጽፎት ነበር፤ እኔ ግን ሥዕሉን አየሁ እንጂ ጽሑፉን አላነበብኩም። በመስመሩ ላይ ቆረጥሁ።

እስቲ አብረን እናስላ። ቀሚስ ሁለት ጎን አለው። እያንዳንዱ ጎን ሁለት ጠርዝ አለው። በእያንዳንዱ ጠርዝ ስፌቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። አራት ጊዜ 1.5 ስንት ነው? 6 ሴንቲ ሜትር! ቀሚሴ በ6 ሴንቲ ሜትር ጠበበኝ። ልብሱን ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት። እሷም አልገባት። በመጨረሻ የትራስ ልብስ ሆነ።

ስለዚህ በየጎኑ 1.5፣ ለታችኛው እጥፋት 4 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ትርፉ ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ተጨምሮ የሚመጣም አለ። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ጽሑፉ ነው። ቋንቋውን ካላወቃችሁ የሚያውቅ ሰው ጠይቁና በአማርኛ በእርሳስ ጻፉበት።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ በትክክል ሠሩ። እጅጌው ላይ ሲደርሱ ግን ተናደዱ። «ተሳስቻለሁ! እጅጌው ከብብቱ ቀዳዳ በለጠ» አሉና መቀሱን አነሡ። ደርሼ እጃቸውን ያዝሁ።

እጅጌው የተሳሳተ አልነበረም። ትከሻ ክብ ነው፤ ያንን ክብ እንዲያቅፍ የእጅጌው ራስ ከቀዳዳው በጥቂት ሴንቲ ሜትር እንዲበልጥ ሆኖ ነው የሚቆረጠው። ትርፉን ቆርጣችሁ ብትጥሉት ትከሻው ላይ ይወጥራል፤ እጃችሁን ስታነሡም ይይዛችኋል። ይልቅስ የእጅጌውን ራስ በእጅ ሁለት ዙር ወስውሱት። ክሩን በቀስታ ሳቡ። ጨርቁ ሳይሸበሸብ ይሰበሰባል። ከዚያ በመርፌ ቁልፍ ያዙና በመኪና ስፉ። ውድ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በአቡጀዲ ወይም በአሮጌ አንሶላ ሞክሩት።

እትዬ እንዲሁ አደረጉ። ሁለት ጊዜ ፈቱት፤ በሦስተኛው ገጠመ። የወረቀቱን ቁራጮች በስኳር ከረጢት አድርገው አስቀምጠዋል። በአንዱ ላይ፣ መስመሩን ለቅቆ በወጣ ትልልቅ ፊደል፣ «እጅጌ። ይበልጣል። አይቆረጥ» ተብሎ በእጃቸው ተጽፎበታል።