ልጆቻችን «በልቻለሁ» ሲሉን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ሰው ሲነሣ ቁጥር እንደሚነበብ ታውቃላችሁ። የዘንድሮው ቁጥር በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ አለ፤ ኦዲተሩም አይቶታል፤ የመደመር ስሕተት የለበትም። ዛሬ የምንናገረው ግን ወረቀቱ ስለማይናገረው ነገር ነው። ብድር በጊዜው ተመልሷል ብለን ጽፈናል። ከየት መጥቶ ተመለሰ ብለን አልጠየቅንም።

ነገሩ የገባን ሰበታ፣ ዓለም ገና በምትኖር አንዲት አባላችን ቤት ነው። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ለጤፍ መግዣ የተበደረችውን አንድም ሳምንት ሳታሳልፍ ከፍላለች፤ እኛም በየስብሰባው ምሳሌ አድርገን ስናነሣት ከርመናል። እሷ ግን ስብሰባው ሲያልቅ ስለ በኩር ልጇ ሳታማርር አትሄድም ነበር። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኖ አልሆነለትም፤ ከዚያ ወዲህ ሰነፈብኝ። እስከ እኩለ ቀን ይተኛል። ራት ሲቀርብ ደግሞ ተነሥቶ ይወጣል። ከሰው አይገጥምም።» እኛም የመሰለንን መከርናት፤ ቆጣ በዪው፣ የቀን ሥራ ይፈልግ፣ ጓደኞቹንም እወቂያቸው አልናት።

አንድ ምሽት የቁጠባ ደብተሯን ልናስተካክል ሦስት ሆነን ቤቷ ሄድን። ራት ሲቀርብ ልጁ እንደተባለው ብድግ አለ። «ና እንጂ፣ አብረን እንብላ» ስንለው «በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» አለና ወጣ። ትንሿ እህቱ «ሁልጊዜ በልቻለሁ ይላል፤ ግን አይበላም» አለች። እናትየው አቀረቀረች። ከዚያ ቀስ እያለ ሁሉም ተነገረ። ጤፍ ሲወደድ ትርፏ አልቆ ነበር። ብድሩን ስትከፍል የቆየችው ከድስቱ እየቀነሰች ነው። ቅጣት ፈርታ፣ ከዚያም በላይ በእኛ ፊት ማፈሩን ፈርታ። ልጁ ደግሞ የቤቱን ሒሳብ ከእኛ ቀድሞ ሠርቶት ነበር። ፈተናው አልሆነ፣ ሥራው አልተገኘ፤ ራሱን ትርፍ አፍ አድርጎ ቆጠረና ድርሻውን ለእህቶቹ ተወ። በኋላ ሲያዋየን፣ ረፋዱን የሚተኛው ረሀቡን ለማሳለፍ እንደሆነ፣ ሌሊት ግን እንቅልፍ እንደማይወስደው ነገረን።

በሒሳብ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚያስተምሩት በአንድ በኩል የተጻፈ ነገር በሌላው በኩልም መጻፍ እንዳለበት ነው። እኛ የተመለሰውን ብድር ጽፈን የጎደለውን ራት ሳንጽፍ ቀረን። የጎደለው ራት ደግሞ «ልጄ ሰነፈ» ተብሎ በሌላ ስም ይነገረን ነበር።

ይህ የአንድ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። የቀሩት ልጆች የትም አልሄዱም፤ በየቤታችን ነው ያሉት። ሱሉልታ ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁ ታሪክ አላችሁ። ወተትና ድርቆሽ ሸጦ፣ ከራሱ አውድማ የሚበላ ቤት መሬቱ ለቤትና ለፋብሪካ ከሄደ በኋላ ዱቄት በኪሎ ይገዛል። እንደዚያ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ባለሱቁን ዱቤ መጠየቅ ሞት ነው የሚመስለው።

የምንኖርበትም ቦታ የራሱ ጣጣ አለው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር አዲስ አበባ ነበረች፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አልነበሩም። አዲስ አበባ ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ቁርስና ምሳ ስትመግብ፣ ከአስኮ ወዲህ ማዶ ቡራዩ ያለን እናቶች አንዱ ልጅ በልቶ ሲመጣ የጎረቤቱ ልጅ ሳይበላ ሲመጣ አይተናል። የትምህርት ቤት ምግብ ቢመጣም ደግሞ የሚደርሰው ለተማሪ ነው። ትምህርቱን ለጨረሰ ወጣት ምሳ የሚያቀርብለት የለም።

ረሀብና የአእምሮ ጤና እንደሚያያዙ የተጠናው እዚሁ አገራችን ነው። በጅማና በዙሪያዋ በ1998 ዓ.ም. ከ2,000 በላይ የሆኑ፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን መከታተል የጀመረ ጥናት አለ። የሚበላ በሚያጣ ቤት ያሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ የሚቀሩት ይበልጣሉ፤ የጭንቀትና የድባቴ ምልክትም ይበዛባቸዋል። አንዱ ግኝት ግን እኛን እናቶችን ይነካናል። ምግብ ይጎድለናል ያሉት ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ናቸው፤ ልዩነቱ በጣም የሰፋው ደግሞ ችግር በጠናበት ቤት ነው። ሴቷ ልጅ ስትጋግርና ስትወጠውጥ ውላ የምትበላው በመጨረሻ ነው፤ ካለ። ይህን ያስለመድናት እኛው ነን፤ እኛም የተማርነው ከእናቶቻችን ነው።

አጥኚዎች የቤትን የምግብ ዋስትና ሲለኩ ዘጠኝ ጥያቄ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው በላችሁ ወይ አይልም። ባለፉት አራት ሳምንታት ቤታችሁ ምግብ ይጎድላል ብላችሁ ሠግታችሁ ነበር ወይ ነው የሚለው። ሥጋቱ ከረሀቡ ቀድሞ ይገባል ማለት ነው፤ ሞሰቡ ገና ሳይጎድል ልጁ ማሰብ ይጀምራል። ጤና ጣቢያም ድባቴን ለመለየት የሚጠየቁ ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉ፤ ስለ ሁለት ሳምንት ነው። እንቅልፍ ታጣለህ ወይ፣ ይደክምሃል ወይ፣ የምግብ ፍላጎትህስ፣ ሐሳብህ ይበታተናል ወይ፣ ራስህን እንደማትረባ ትቆጥራለህ ወይ እያለ ይሄዳል። ብዙዎቹን ያልበላ ሰውም አዎ ሊላቸው ይችላል። ስለዚህ ልጆቻችንን ይዘን ስንሄድ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ሳንደብቅ እንናገር፤ አለበለዚያ ባለሙያው ግማሹን ብቻ ሰምቶ ነው የሚያክመው። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው። አንድ ልጅ «ብሞት ይሻላል» ካለ እንደ ቀልድ አንለፈው። አጠገቡ እንሁን፣ በዕለቱ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው ካለም አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ጠበል የምትወስዱም ውሰዱ፤ መድኃኒቱን ግን አታስጥሉ፣ እህልም ሳትነፍጉ።

በነገራችን ላይ የተራበ ሰው ከሁሉ የሚሰወረው በጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በረመዳንም ወሩን ሙሉ፣ ማን ጾመ ማን አጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያ የዓለም ገናው ልጅም በሁዳዴ ማንም አልጠረጠረውም።

አሁን ወደ መተዳደሪያ ደንባችን እንምጣ። ማኅበራዊ ፈንዳችን የሚከፈለው ለሐዘን፣ ለወሊድና ሆስፒታል ለተኛ ሰው ነው። ለሞተ እንከፍላለን፤ ላልበላ አንከፍልም። ሳምንታዊ ቁጠባ ላላስገባች ደግሞ ቅጣት እናስከፍላለን፤ ያጣችውን እናት ባጣችው ላይ እንጨምርባታለን። ስለዚህ ሦስት ነገር ለድምፅ አቅርበናል። ቅጣቱ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ይታገድ። ማኅበራዊ ፈንዱ ለአንድ ወር ዱቄትና ዘይት እንዲሰጥ ይፈቀድ፤ በመዝገቡ ላይም ምክንያቱ ሳይጠቀስ «ማኅበራዊ» ብቻ ተብሎ ይጻፍ፤ ማን እንደወሰደ የሚያውቁት ሰብሳቢዋና ገንዘብ ያዧ ብቻ ይሁኑ። ብድር ሲመለስም ከንግዱ ነው ወይስ ከቤት ወጪ ተቀንሶ የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ሁለተኛው ላይ የሚከራከሩን አሉ፤ ፈንዱ ያልቃል ይላሉ። ሊያልቅ ይችላል። ስንት ወር እንደሚያዘልቅ ያሰላነው በሦስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ብዙ አይደለም።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለን። የምትልኩልን ቅጽ ስንት ሴት ሠለጠነች፣ ስንት ብር ተቆጠበ፣ ስንት በመቶ ተመለሰ ይላል። በቤቱ ስንት ጊዜ ይበላል የሚል ቦታ የለውም። ቅጹ ላይ ይጨመርልን። የሚቀጥለው ሪፖርታችን ምናልባት ከዘንድሮው ያነሰ የአመላለስ ቁጥር ይኖረዋል፤ ያን ጊዜ ደውላችሁ ጠይቁን፤ እንነግራችኋለን።

ስለ ልጁ ለምትጠይቁን፣ ጤና ጣቢያ ክትትል ጀምሯል፤ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀን ወፍጮ ቤት ይሠራል። አሁንም ብዙ አይናገርም። የእናቱን ብድር የመክፈያ ጊዜ አራዝመናል፤ ይህን ያደረግነው ደንቡ ሳይፈቅድልን ስለሆነ በዚህ ጉባኤ እንዲጸድቅ አራተኛ ሆኖ ቀርቧል።

ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው።