አንድ ገቢ ሁለት ጊዜ አይገበርም
(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ በአርባ ምንጭ ከተማ ለመራጮች ካደረጉት ንግግር)




በዚህ የምርጫ ወቅት ስለ መንገድና ስለ ውሃ ብዙ ሰምታችኋል። እኛም በማኒፌስቷችን ጽፈነዋል። ዛሬ ግን በአደባባይ ብዙ የማይወራበትን፣ በየቤቱ ግን የሚያስጨንቀውን አንድ ጉዳይ እናነሳለን። ይኸውም በሁለት አገር ገቢ ያለው ሰው ግብሩን ለማን፣ እንዴት ይክፈል? የሚለው ነው።

ሕጉን እንመልከት። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከየትኛውም የዓለም ክፍል ባገኘው ገቢ ላይ ግብር እንዲከፍል ያዛል። ነዋሪ ያልሆነ ሰው የሚከፍለው ግን ከኢትዮጵያ ምንጭ ባገኘው ገቢ ላይ ብቻ ነው። ቋሚ መኖሪያው እዚህ የሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ183 ቀናት በላይ እዚህ የቆየ ሰው ነዋሪ ይባላል። አሜሪካ ደግሞ ዜጋዋንና የግሪን ካርድ ባለቤቱን የትም ቢያገኝ በገቢው ሁሉ ታስከፍለዋለች። ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱ ሕጎች አንድ ገቢ ላይ ሲገናኙ ነው።

እንበልና አንድ የአርባ ምንጭ ተወላጅ የአሜሪካ ዜግነት አለው። ሲቀላ ቤት ሠርቶ አከራይቷል። የኪራይ ግብሩን እዚህ ይከፍላል፤ ያንኑ ኪራይ አሜሪካም ማስታወቅ አለበት። የአሜሪካ ሕግ እዚህ የከፈለውን ግብር ያቀናንስለታል። እዚህ 18 ሺህ ብር ከፍሎ፣ በዚያው ገቢ ላይ የአሜሪካው ግብር ወደ ብር ሲመነዘር 20 ሺህ ቢሆን፣ የሚጨምረው 2 ሺህ ብር ብቻ ነው። የከፈለበትን ማስረጃ ማቅረብ ካልቻለ ግን በድምሩ 38 ሺህ ብር ሊከፍል ይችላል። አንዲት ወረቀት 18 ሺህ ብር ታወጣለች ማለት ነው!

የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ጣጣ ነው። የእኛ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የአሜሪካው ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ሲሆን፣ ማስታወቂያው የሚቀርበው እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ነው። ስለዚህ የእኛ የአንድ ዓመት ደረሰኝ የእነርሱን ሁለት ዓመት ይነካል። ደረሰኙ ክፍያው ለየትኛው ወር እንደሆነ ካልገለጸ ግብር ከፋዩን ብዙ አይረዳውም።

በተቃራኒውም እዚሁ እየኖረ በውጭ አገር የሚነግድ ወገን አለ። አዋጁ በውጭ የከፈለውን ግብር ይቀንስለታል፤ ቅናሹ ግን በዚያ ገቢ ላይ እዚህ ከሚከፈለው ግብር አይበልጥም። እዚህም ማስረጃ ይጠየቃል። ኢትዮጵያ ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት ከደቡብ አፍሪካ፣ ከህንድና ከእንግሊዝ ጋር ተዋውላለች። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከአሜሪካ ጋር ግን እንዲህ ያለ አጠቃላይ ስምምነት የላትም። ውል የሚዋዋለው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ የግል ቤት ኪራይን ግብር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የሚሰበስበው ክልሉ ነው። በሁለቱ መካከል ግብር ከፋዩ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲላክ አይተናል። ግራ የተጋባ ሰው ዝም ማለትን ይመርጣል። እርሱ በስጋት ይኖራል፤ ከተማዋም ገቢዋን ታጣለች።

እኛ ግብር ይቅር አንልም። መንገድም ውሃም የሚሠራው በግብር ነው። የምንለው ከአንድ በግ ሁለት ቆዳ አይገፈፍም ነው። ስለዚህ ፓርቲያችን ቢመረጥ፦

1ኛ. ግብር ከፋዩ የከፈለውን መጠንና ክፍያው የሚመለከተውን ወር የሚገልጽ ማስረጃ፣ በእንግሊዝኛ ጭምር፣ እዚሁ አርባ ምንጭ እንዲያገኝ በሕግ እናረጋግጣለን። ይህ መብት እንጂ ችሮታ አይሆንም፤ የሚሰጥበት የጊዜ ገደብም ይኖረዋል።

2ኛ. ከአሜሪካ ጋር ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት ለማድረግ ድርድር እንዲከፈት እንሠራለን።

3ኛ. ሕጉን የሚያብራራ መመሪያ በአማርኛና በጋሞኛ አሳትመን እናሰራጫለን። ለእናትና ለአባት የሚላክ መጦሪያ የንግድ ገቢ አለመሆኑም በግልጽ ይጻፍበታል።

እስከዚያው ምክራችን ይህ ነው፦ ደረሰኛችሁን አትጣሉ፤ የኪራይ ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ፤ ከውጭ የምትመጡም በአገር ውስጥ የቆያችሁበትን ቀን ቁጠሩ።

በጋሞ ዱቡሻ ነገር የሚነገረው በአደባባይ፣ ሁሉም እየሰማ ነው። የግብር ሕግም እንደዚሁ ይሁን እንላለን። ይህን የምታምኑበት ከሆነ ድምፃችሁን ስጡን፤ ከመረጣችሁንም በኋላ ቃላችንን ይዛችሁ ጠይቁን።