መንገድ ከመዘጋቱ በፊት፦ የምክር ቤትና የመሐንዲስ ድርሻ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



አንድ ቤት ለግንባታ ሲፈርስ ባለይዞታው ይታወቃል፤ ንብረቱ ይቆጠራል፤ ካሳውም ይሰላል። አንድ መንገድ ሲዘጋ ግን አቤት ባይ በቀላሉ አይገኝም። የመንገድ ባለቤት የሚያልፍበት ሁሉ ስለሆነ እያንዳንዱ የሚያጣው ጥቂት ይመስላል፤ ድምሩን የሚይዝ መዝገብም የለም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው፦ አንድ ተቋም ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ለመሥራት የሕዝብ መንገድ ይዘጋልኝ ብሎ ሲጠይቅ ምክር ቤቱ ምን መስማት፣ መሐንዲሱስ ምን ይዞ መቅረብ ይገባዋል?

ለዚህ ጥያቄ ኮተቤ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። ይህን ማለት በዚያ እንዲህ ያለ አዳራሽ ታቅዷል ማለት አይደለም፤ የቦታው አቀማመጥ ጉዳዩን አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን መምህራንን ሲያፈራ የቆየ ተቋም ነው። ክረምቱ በሚበረታባት አዲስ አበባ፣ እንዲህ ያለ ተቋም ጣሪያ ያለው የስፖርት አዳራሽ ቢመኝ የሚያስነቅፈው አይደለም። ክርክሩ የሚነሳው አዳራሹ ከግቢው አልፎ ሰው የሚመላለስበትን ቅያስ ሲነካ ነው።

በእንዲህ ያለው ነገር ላይ በሰፊው ከተከራከሩት ከተሞች አንዷ በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት የምትገኘው ሲያትል ናት። በ2000 ዓ.ም. የቅርጫት ኳስ ቡድኗ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ባለሀብት ሌላ ቡድን ለማምጣት አዲስ አዳራሽ ልሥራ ብሎ የኦክሲደንታል ጎዳና አንድ ክፍል እንዲለቀቅለት ጠየቀ። አዳራሹ የዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ የመንገዱ ጥያቄ ግን አንድ ነው። የወደቡ አስተዳደር የዕቃ ማመላለሻ መኪናዎች መተላለፊያ ይታወካል ሲል ተቃወመ። የከተማው ምክር ቤት ሁሉንም ከሰማ በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. በ5 ድምፅ ተቃውሞና በ4 ድምፅ ድጋፍ ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ከተማዋ ግን ያለ አዳራሽ አልቀረችም። በ1954 ዓ.ም. ለዓለም ትርኢት የተሠራው አሮጌ አዳራሽ፣ 20,000 ቶን ያህል የሚመዝነው ጣሪያው በጊዜያዊ ድጋፍ ተይዞ ከሥሩ እንደ አዲስ ተቆፍሮ ተሠራና በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ተከፈተ።

ከውጤቱ ይልቅ ሥርዓቱ ልብ ሊባል ይገባዋል። በዚያ ግዛት ሕግ መሠረት መንገድ ይለቀቅልኝ የሚል አመልካች የመንገዱን አዋሳኝ ንብረት ከያዙት የሁለት ሦስተኛውን ፊርማ ማቅረብ አለበት። ጉዳዩ የሚሰማበት ቀን ቢያንስ ከ20 ቀን በፊት ይወሰናል። ምክር ቤቱ የመንገዱን መሬት ግምት ሊያስከፍል፣ ከሥር ለተቀበሩ መስመሮችም መብት ሊያስቀር ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ መሠረቱ አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል። የ2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላንም ከከተማዋ መሬት 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ደልድሏል። እንግዲህ የሚዘጋ ቅያስ ሁሉ ከዚያ 30 በመቶ ላይ የሚቀነስ ነው። የካሳ ሕግ ግን በዋናነት የሚያየው ይዞታው የሚወሰድበትን ሰው ነው። ቤቱ ሳይነካ መንገዱ የተዘጋበት ሰው ጉዳቱን የሚያስረዳበት ቦታ ጉባኤው ነው።

መሐንዲሱ ወደ ጉባኤው ይዞት የሚቀርበው ሰነድ ሦስት ነገር ሊመልስ ይገባል።

አንደኛው የሰው መተላለፊያ ነው። ኮተቤ በእንጦጦ ሰንሰለት ግርጌ፣ ከመገናኛ በላምበረት በኩል ወደ ካራና ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት። ከተራራው በሚወርዱ ጅረቶች መካከል የተሠሩ መንደሮች ወደ አውራው መንገድ የሚወጡት ብዙ ጊዜ በጥቂት ቅያሶች ነው። እንደ ሲያትል ጎዳናዎቹ በመስመር በተሰለፉበት ከተማ አንዱ ቢዘጋ በቀጣዩ ይታለፋል፤ በተዳፋት መንደር ግን መዞሪያው ሸለቆ መሻገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቀን ስንት ተማሪ፣ ስንት ሸክም ያለበት ሰው እንደሚያልፍ፣ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና በየት እንደሚገባ መቆጠር አለበት።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በተዳፋት ሰፈር መንገዱ ራሱ የጎርፍ መውረጃ ነው። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ከ2 ሄክታር ጣሪያና አስፋልት በሴኮንድ 250 ሊትር ያህል ውሃ ይወርዳል፤ ያው ቦታ ሣር ቢሆን ከዚህ ሲሶ ያህሉ ነበር። ቦዩ ከመንገዱ ጋር ከተዘጋ፣ ያ ውሃ በሐምሌና በነሐሴ መንገዱን የሚያገኘው በታችኛው ሰፈር ቤቶች ውስጥ ነው።

ሦስተኛው የአዳራሹ የራሱ ደኅንነት ነው። በ1963 ዓ.ም. በግላስጎው ከተማ በአይብሮክስ ስታዲየም መውጫ ደረጃ ላይ 66 ሰዎች ተረጋግጠው ሞተዋል። ከዚያ አደጋ በኋላ የተዘጋጀውና እየታደሰ የመጣው የእንግሊዞች መመሪያ በደልዳላ መውጫ ላይ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው እንዲታሰብ ያዛል። 5,000 ተመልካች በ8 ደቂቃ እንዲወጣ ከተፈለገ በድምሩ 7.6 ሜትር ያህል መውጫ ያስፈልጋል። ያ ሕዝብ ከበሩ ሲወጣ የሚቀበለው ደግሞ መንገድ ነው። መንገድ ዘግቶ የሚሠራ አዳራሽ የራሱን መውጫ ሊዘጋ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተቆጥሮ መዝጋቱ የሚያዋጣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ተለዋጩ መንገድና ቦዩ ተሠርተው አገልግሎት ከመስጠታቸው በፊት የቀድሞው አይዘጋ፤ ቢያንስ የእግረኛ መተላለፊያ ይቅር። የጉባኤው ማስታወቂያ በወረዳው ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በእድሩ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ይነገር። ፕላኑም አንዲት አሮጊት የቤታቸውን በር በጣታቸው ሊያመለክቱበት በሚችሉት መጠን ተሥሎ ይቅረብ። ምክር ቤቱ ለተነሳው ተቃውሞ መልሱን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይስጥ።

ውሳኔው የምክር ቤቱ ነው። ቁጥሩ ግን የመሐንዲሱ ነው፤ የሚቀርብበትም ጊዜ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ከድምፅ በኋላ የሚቀርብ ጥናት ቀድሞ ለተቆረጠ ነገር ማስረጃ መፈለግ ይሆናል፤ የተዘጋ መንገድም አንዴ ሕንፃ ከቆመበት በኋላ ተመልሶ አይከፈትም።