የቤታችን ኢንተርኔት ቁልፍ በማን እጅ ነው?

(በፔታህ ቲክቫ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



ቤት ስንከራይ በመጀመሪያ የምንጠይቀው የበሩን ቁልፍ ነው። የቀድሞው ተከራይ ትቶት የሄደውን ራውተር፣ በዕብራይስጥ «ናታቭ» የሚባለውን፣ ግን መብራቱ ከበራ ዝም ብለን እንጠቀምበታለን። የምስጢር ቃሉን፣ ማለትም «ሲስማውን»፣ ያ ሰው ዛሬም ያውቀዋል።

ነገሩ የዋዛ አይደለም። በ2016 «ሚራይ» የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ የምስጢር ቃላቸው ያልተለወጠ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጥሮ ነበር። በ2023 ጦርነቱ ሲጀመርም የእስራኤል ብሔራዊ የሳይበር መሥሪያ ቤት የካሜራችሁን የምስጢር ቃል ለውጡ ብሎ አሳስቧል። ሕፃን ልጃችንን እንድናይበት የሰቀልነው ካሜራ ለሌባም መስኮት ይሆናልና።

«ልጆቹ ያውቁታል» ብላችሁ አትተዉት። ራውተሩን ገልብጣችሁ ስሙንና ሞዴሉን አንብቡ። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ካቆመ መለወጥ ነው። «ዌፕ» የሚባለው አሮጌ መቆለፊያ ከ2001 ጀምሮ እንዴት እንደሚከፈት የታወቀ ስለሆነ አይረባም፤ አዲሱ ራውተር «ደብልዩ ፒ ኤ 3»፣ ቢያንስ «ደብልዩ ፒ ኤ 2» ይኑረው። ከኩባንያ የተከራያችሁት ከሆነ ኩባንያውን ጠይቁ። የምስጢር ቃሉ ሁለት መሆኑን አትርሱ፤ አንዱ የዋይፋዩ፣ ሌላው የራውተሩ የራሱ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይረሳዋል።

እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም። ካሜራውንና በስልክ የሚበራውን የዱድ ማብሪያ በራውተሩ የእንግዳ መስመር ላይ አድርጓቸው። ማብሪያው አልገናኝ ካለ ተበላሽቷል ብላችሁ ወደ ሱቅ አትመልሱት፤ አብዛኞቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው።

የገባባችሁ ሰው ያለ ከመሰላችሁ የሳይበር መሥሪያ ቤቱ ስልክ 119 ነው።