የነገሌው የውኃ ጉድጓድ፦ የወታደር ደመወዝና የመንግሥት በጀት



ስለ መከላከያ በጀት ስንወያይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው «ስንት ተመደበ?» ብለን ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ከተመደበው ውስጥ ተራው ወታደር ዘንድ የሚደርሰው ምንድን ነው? የሚደርሰውስ በሕግ ነው ወይስ በችሮታ?

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ብርጌድ ወታደሮች አምፀው መኰንኖቻቸውን ያዙ። የተነሡት ለርዕዮተ ዓለም አልነበረም። ምግባቸው የከፋ ነበር፤ የውኃ ጉድጓዳቸው ፓምፕ በተበላሸ ጊዜም ከመኰንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥም ይዘው ከራሳቸው ምግብና ውኃ እንዲቀምሱ አስገደዷቸው።

ይህ ሲሆን አገሪቱ መሣሪያ አላጣችም። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው የመከላከያ ስምምነት መሠረት ትጥቅና ሥልጠና ይመጣ ነበር፤ አየር ኃይሉም ኤፍ 5 ተዋጊ ጄቶች ነበሩት። ጄት ያለው ሠራዊት ግን በሰፈሩ ንጹሕ ውኃ አጣ። ዝግጁነት በመሣሪያ ብዛት ብቻ እንደማይለካ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ሁለተኛው ስሕተት የጭማሪው አሰጣጥ ነው። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ከወራት በኋላ ሠራዊቱ ደመወዝ እንዲጨመርለት ጠየቀ፤ በግፊትም አገኘ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ዐመፁ ወደ ደብረ ዘይትና ወደ አሥመራ ሲዛመት ጭማሪ ተፈቀደ፤ አልበቃም ሲባል እንደገና ተጨመረ። ሆኖም የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ ሰኔ 21 ደርግ ተመሠረተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ዘውዱን የጣለው የደመወዝ ጥያቄ ብቻ ነው አልልም። የወሎ ረኃብ፣ የነዳጅ ዋጋ መናር፣ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ በአንድነት መጥተዋል። የእኔ ክርክር ከዚህ የጠበበ ነው። ጭማሪ በዛቻ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ወታደሩ ከማመልከቻ ይልቅ ጠመንጃ ቶሎ እንደሚሰማ ይማራል። ገንዘቡ ታማኝነትን አይገዛም፤ ቀጣዩን ጥያቄ ያስተምራል እንጂ። ጠመንጃ የሌለው ገበሬ ደግሞ ተራው መቼ እንደሚደርስ አያውቅም።

«ወታደር በጠየቀ ቁጥር ከተጨመረለት ለትምህርትና ለጤና ምን ይተርፋል?» የሚል ተገቢ ተቃውሞ አለ። መልሴ፣ በሕግ የተወሰነ ክፍያ ከዚህ ስጋት የሚጠብቀው ሁለቱንም ወገን ነው የሚል ነው። ደመወዝ፣ ቀለብ፣ ሕክምናና ጡረታ በታወቀ ጊዜ፣ በአደባባይ ክርክር ሲከለሱ ወታደሩ መብቱን ያውቃል፤ ሕዝቡም የሚከፍለውን ያውቃል።

ውድ ተማሪዎች፤ ወደፊት የመከላከያ በጀት ሰነድ እጃችሁ ሲገባ ከጠቅላላ ድምሩ አትጀምሩ። በመጀመሪያ የውኃ ጉድጓዱን ፈልጉ።