የቤታችንን ዕቃ እንጻፈው፤ ዋጋውንም እናድሰው
(በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነጋግራችሁ ስለ ቤት ዕቃ መድን፣ በተለይም ዋጋው ከበድ ስላለ ዕቃ ነው። «ኢንሹራንስ የመኪናና የነጋዴ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ሰው በመካከላችን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለዚህ ሰው የምንመልሰው በጥያቄ ነው። ከጭላሎ በኩል ነፋስ በሚበረታበት የበጋ ሌሊት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ከተጠጋጉት የእንጨትና የጭቃ ቤቶቻችን በአንዱ እሳት ቢነሣ፣ በሳጥን ያለው ወርቅ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ የልብስ ስፌት መኪናው በማን ይተካል? እድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል፣ ደንቡ ከፈቀደም ጥቂት ብር ያወጣል። እግዜር ይስጠው፤ ግን የእድር ብር የስፌት መኪና አይገዛም። በዚያች መኪና ልጆቿን የምታስተምር እናት ደግሞ ያጣችው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ እንጀራዋን ነው።

መድን በአገራችን ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. 13 የግል ኩባንያዎች በመንግሥት ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ኩባንያዎችም እንደገና ተፈቅዶላቸዋል። ውሉ የሚገዛበት ሕግ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣም የመድኑ ክፍል ሳይነካ ቆይቷል።

የእሳትና የመብረቅ መድን አለ፤ ቤት ሰብሮ ለሚገባ ሌባም መድን አለ። መብረቅን ለእኛ ለደጋ ሰዎች ማብራራት አያሻም። ስሕተቱ ያለው «ቤቴን ኢንሹራንስ አስገብቻለሁ» ሲባል በውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ የገባ ሲመስለን ነው። የለም! ቤቱ ሌላ፣ ዕቃው ሌላ። ከዕቃውም ወርቅና ጌጣጌጥ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተዘርዝሮ ዋጋው ካልተጻፈ አይካተትም፤ ቢካተትም በጥቂቱ ነው። ፍራሽ ሥር ያለ ጥሬ ገንዘብማ እንዳልገባ ቁጠሩት። ስለዚህ ሐብሉ በአንድ መስመር፣ ቀለበቱ በሌላ መስመር ይጻፍ፤ ወርቅ ቤት ተወስዶ ግራሙና ካራቱ ይመዝገብ። ቤቱ የኪራይ ወይም የቀበሌ የሆነበት ሰውም ቢሆን የራሱን ዕቃ ማስገባት ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚጎዳበትን ነገር ልብ በሉልን። በንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 መሠረት የንብረት መድን ካሳ ነው፤ አደጋው በደረሰበት ቀን ዕቃው ከነበረው ዋጋ በላይ አይከፈልም። የ200,000 ብር ዕቃ በ500,000 ብር ቢጻፍ ትርፉ አረቦን ማብዛት ነው። አሳንሶ ማስጻፍ ግን ይብሳል። ዕቃችን 400,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ፣ አረቦኑ እንዲቀልልን ብለን 200,000 ብር ብቻ ብናስጽፍ፣ ግማሹን አደጋ እኛው ተሸከምነው ማለት ነው። ከዚያ የ100,000 ብር ዕቃ ቢቃጠል የሚደርሰን 50,000 ብር ነው። ሰው እዚህ ላይ «ተታለልኩ» ብሎ ይጮሃል፤ አልተታለለም፣ ውሉ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወርቁም ከውጭ የሚመጣው ዕቃም የት እንደደረሰ እናንተው ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. በቅንነት የተጻፈ ዋጋ ዛሬ ሳናውቀው ግማሽ ሆኖ ይሆናል። ውሉ በየዓመቱ ሲታደስ ቁጥሩም ይታደስ እንጂ!

በገበያ ዋጋ የማይገኝለት ዕቃም አለ። የአርሲዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ከባርሴሎና ያመጣችው ሜዳሊያ በግራም ቢመዘን ምን ይላል? የእኛም ቤት ቢሆን የአያት ኮርቻ፣ በእጅ የተጠለፈ የሙሽራ ቀሚስ አያጣም። የእንዲህ ያለው ዋጋ አስቀድሞ ከመድን ሰጪው ጋር ተነጋግሮ ይጻፍ፤ ዕቃው አመድ ከሆነ በኋላ ክርክሩ አያዋጣም። በወለድ ምክንያት ነገሩን ለሚሸሹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ በተካፉል መንገድ የሚሠራ መድን በአገራችን መፈቀዱን እናሳስባለን።

ውል ሲገባ እውነቱ ይነገር። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ጭቃ ነው፤ ማድ ቤቱ ከቤቱ ጋር ከተያያዘ ተያይዟል። አረቦኑ ከፍ ቢል ይሻላል፤ የተደበቀ ነገር ካሳን ያስቀራል። ሌባ ሲገባ የተሰበረው በር ወይም ቁልፍ ፖሊስ ሳያየው አይጠገን። የቤት ሰው የወሰደው ዕቃ በዚህ መድን አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም። አደጋውን ባወቅን በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ ይገባል፤ የክስ መብትም በ2 ዓመት ይዘጋል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቀን አይቆጥርምና፣ ይህን መቁጠር የጎረቤት ሥራ ይሁን።

ዝርዝሩንና ደረሰኙን ከወርቁ ጋር በአንድ ሳጥን የሚያስቀምጥ አለ፤ አብሮ ሊቃጠል! እያንዳንዱን ዕቃ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ላለ ልጃችሁ ላኩት፤ አንድ ቅጂም ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

መጻፍ ለሚያስቸግራቸው አባቶችና እናቶች የሰፈራችን ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተገኝተው ዝርዝሩን ያዘጋጁላቸዋል። ወርቁን ይዛችሁ አትምጡ፤ የተመዘነበትን ወረቀት ብቻ።